ደህና ናት በል

ሸኸዲ፣ መጋቢት 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ገዳሪፍ፣ ስደተኞች ሠፈር፣ ለወንድሜ ለአየነው።

እዚህ የቀረነው ሁሉ፣ ከነላሚቱ፣ ሰላም ብለንሃል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በገዛ እጄ ነው፤ ጸሐፊ አልለመንኩም። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቴ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ጠርዙን አይጥ ስለበላችው "በላይነሽ" ከሚለው "በላይ" ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ይበቃኛል።

ዘመድነታችን ሲቆጠር አራት ቤት ነው። አክስቴ እንዲያውም አምስት ነው ትላለች። ነገር ግን ልጄን ውዴን ለሰሊጥ አጨዳ ይዘሃት ወደ ሱዳን፣ ቁረይሻ ከወረድክ ወዲህ አንድ ቤት ሆነናል። "ለሦስት ወር" ብለኸኝ ነበር። ሦስቱ ወር ስድስት ሆነ። ማሽላችን ከጉልበት ሳያልፍ ሲደርቅ "እዚህ መጥታ ከምትራብ ካንተ ጋር ትቆይ" ያልኩህ እኔ ነኝ፤ አልክድም። ሆዴን አሳምኜው ነበር፤ ዓይኔ ግን እምቢ አለኝ።

ስለዚህ ለፋሲካ እመጣለሁ። ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ባለግመሉ ቱርካ በሚቀጥለው ጉዞው ይዞኝ ሊወርድ ተስማምቷል። ልደታንም እዚያው ውዬ እመለሳለሁ።

እስከዚያው የማላውቀውን አሳውቀኝ። እዚያ አገር ፋሲካ እንዴት ይዋላል? በግ አለ? ጠላ የጠመቀ ሰው ይገረፋል የሚባለው እውነት ነው? እናንተ አልጠመቃችሁም፣ ጎረቤት ጠምቆ አንድ ዋንጫ ቢሰጣችሁስ፣ ጅራፉ ለማን ይደርሳል? ቱርካን ብጠይቀው "ደስ ይላል" ብቻ ነው የሚለኝ። ከሱ ግመሎቹ ይሻላሉ፤ እነሱ ቢያንስ ያጉረመርማሉ።

ውዴን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። ሦስተኛ ካላት እሱንም።

በላይነሽ


ገዳሪፍ፣ መጋቢት 22 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለክብርት እትዬ በላይነሽ፣ የሸኸዲ ምሑር፣

ጤናዎ እንደ ምስክር ወረቀትዎ ሳይሆን ጠርዙ ሳይጎድል ይቆይልኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለውዴ፣ ሦስተኛውን ጎረቤቱ "እኛስ?" ብሎ ስለተቆጣ በር ላይ ቆሜ። ስለ ላሚቱ የሰማ ሁሉ አለቀሰ፤ እዚህ ላም ያለው ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

ለፋሲካ መምጣትዎን በተመለከተ፣ ሃያ ዓመት ጎንደር ፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ እንደጻፈ ሰው ጉዳዩን መርምሬ ባይመጡ ይሻላል ብያለሁ። አንደኛ፣ ሙቀቱ። ድንጋይ ላይ እንቁላል ይጠበሳል ይላሉ፤ እንቁላል ስላልተገኘ አላረጋገጥንም። ሁለተኛ፣ መንገዱ። ሦስተኛ፣ ከመንገዱ በኋላ ያለው መንገድ።

እሺ፣ ሲያነቡ ፊትዎ ሲጠቁር ከዚህ ይታየኛል። እውነቱን ልጻፍ። በሽታ ገብቷል። የሆድ ነው። ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይጠራውም። የውሃው ታንከር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ "የሆድ መረበሽ" ይለዋል። ጠዋት የተረበሸ ሰው ማታ ይቀበራል። እኛ ረድፍ አልደረሰም።

ደሴ የሚባል የኛው አገር ልጅ አለ፤ ድሬሰር ነው። ከቤት ቤት እየዞረ "ውሃ አፍሉ፣ በሳሙና ታጠቡ፣ አትጨባበጡ፣ አትሳሳሙ፣ ባንድ ገበታ አትብሉ፣ ባንድ ዋንጫ አትጠጡ" ይላል። ቄስ ገሠሠ ዘንጋቸውን ተደግፈው እስኪጨርስ ሰሙትና "ልጄ፣ አንተ የምታክመው በሽታውን ነው ወይስ በዓሉን?" አሉት።

ለጥያቄዎ፦ በግ አለ፤ የኛ አይደለም። ጠላውን በተመለከተ፣ ጅራፉ ዘመድ አይመርጥም፤ ዋንጫውን ይዞ ለተገኘ ሁሉ ይዳረሳል። ስለዚህ የልደታ ማኅበራችን ጽዋ የሚሞላው በከርከዴ ነው። ቀይ አበባ ነው፣ ይፈላል፣ ይጎመዝዛል፣ ሰው ግን ሲጠጣው ይዘፍናል። በምን እንደሚሰክር አላወቅንም።

አደራዎን ይቅሩ።

አየነው

እማ፣ ይሄኛው እኔ ነኝ፣ ውዴ። ኩዋይስ ነኝ፣ እዚህ ደህና ለማለት እንደዚያ ነው የሚሉት። አያ አየነው ደብዳቤ ሲጽፍ ጮክ ብሎ ስለሚያነብ ሠፈሩ አይተኛም። እንቁላሉን እንዳትሰሚው፣ ድንጋዩ ላይ የኔ እግር ነው የተጠበሰው። ነጠላ ላኪልኝ። ያንቺን ሳይሆን አዲስ።


ሸኸዲ፣ መጋቢት 30 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለአየነው፣

እንደ ከርከዴህ ጎምዛዛ ብሆንም ሰላምታዬ ይድረስህ። የውዴን መስመር አምስት ጊዜ አነበብኩት፤ ያንተን አንዴ።

እሺ፣ ለፋሲካ አልመጣም። ለልደታ ግን እመጣለሁ። ግንቦት አንድ ቀን ከዛፍ ሥር ንፍሮዬን ከልጄ ጋር ካልቆረጠምኩ ምኑን እናት ሆንኩት።

አሁን የከነከነኝን ልጠይቅህ፤ ሦስት ቀን ሥራ አስፈትቶኛል። በሽታው በእጅ ይተላለፋል ካልክ፣ እጅ ላይ ተቀምጦ ማንን ነው የሚጠብቀው? ዓይን አለው? ዓይን ከሌለው አፍን ከአፍንጫ በምን ይለያል? ውሃ ሲፈላ ይሞታል ካልክ ሬሳውስ የት ይሄዳል? እንጠጣዋለን ማለት ነው? ሳሙና ከሌለ አመድ ይሆናል? እንዶድስ? ደሴን ጠይቅልኝ። ቄስ ገሠሠን ደግሞ ይህንን፦ ጸበል ይፈላና ይባረካል፣ ወይስ ይባረክና ይፈላል? እዚህ ያሉትን ቄስ ብጠይቃቸው "በላይነሽ፣ ፊደል ከቆጠርሽ ወዲህ አሳሳቢ ሴት ሆነሻል" አሉኝ።

ለምን ትጠይቂያለሽ አትበለኝ። ማወቅ ደስ ይለኛል።

አዲስ ነጠላ የለም። ያለው የኔው ነው፣ ቱርካ ይዞላታል። ካልፈለገች ትመልሰው።

በላይነሽ


ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለክብርት እትዬ በላይነሽ፣

የትንሣኤው ብርሃን ቤትዎን ይሙላው። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ውዴም ደህና ናት። ነጠላው ደርሷታል።

ጥያቄዎችዎን ለደሴ አነበብኩለት። "እኚህ ሴት ለምን እዚህ አይሠሩም?" አለ። መልሱ ይኸው፦ ዓይን የለውም፤ ዓይን የሚሆነው የኛ እጅ ነው፣ ወደ አፍ የምንመራው እኛው ነን። የፈላው ውሃ ውስጥ ሬሳው አለ፣ እንጠጣዋለን፣ የሞተ አይናከስም። አመድ ከምንም ይሻላል፣ እንዶድም እንደዚያው።

ፋሲካ እንዴት እንደዋለ ልንገርዎ፤ ጉድ ነው። ወሬው የሚጀምረው ከሆሣዕና ነው። ደሴ ቄስ ገሠሠ ዘንድ ሄዶ እንዲህ አለ፦ "አባ፣ በሕማማት ሳምንት ሰው አይጨባበጥም፣ አይሳሳምም። የይሁዳ መሳም ነውና። ልክ ነኝ?"

"ልክ ነህ።"

"እንግዲያው ይህን ሕማማት በሽታው እስኪወጣ ድረስ ያስረዝሙልኝ።"

"ሕማማት የጎማ ክር ነው እንዴ የሚሳበው?" አሉና አስወጡት።

ደሴ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በዚያው በሆሣዕና ቀን ከድስት ጀርባ ጥላሸት ፍቆ፣ በዘይት ለውሶ፣ የአስናቀውን መዳፍ ቀባው። አስናቀውን አያውቁትም፤ ሰው ያጣ ቀን ዛፍ የሚጨብጥ ሰላምተኛ ነው። "ለማንም እንዳትናገር፣ እንደ ልማድህ ዋል" አለው። አስናቀው እንደ ልማዱ ዋለ። ከቀትር በኋላ ለማኅበሩ ስብሰባ ስንቀመጥ ደሴ ተነሣና "እጃችሁን እዩ" አለ። እትዬ፣ ሰባ ስምንት ሰው ጥቁር ነበር። እኔ ጆሮዬ ላይ አገኘሁት። አንዲት አራስ ልጇ ከንፈር ላይ አየችውና ጮኸች። ጽዋው አፍ ዙሪያውን እንደ ድስት ሆኗል። አስናቀውን ጨርሶ ያልጨበጡ ሰዎች ሳይቀሩ! ከዚያ ሁሉም ዞሮ ቄስ ገሠሠን አየ። ነጩ ጢማቸው መሐል ለመሐል ጥቁር መስመር።

መስቀላቸውን አገላብጠው አዩት። "እኔ ለመሳለም ነው ያቀረብኩት" አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለውም፣ "እንግዲህ ሕማማቱ ይሳባል" አሉ።

በትንሣኤ ቀን ክንድ ለክንድ ተራርቀን ቆምን። እጅ እንደ መንሣት ጎንበስ ብሎ "እንኳን አደረሰህ" ሆነ። መስቀሉን ከሩቅ ተሳለምን። ጽዋው አልቀረም፤ ነገር ግን ማንም አፉን አላስነካውም። ቄስ ገሠሠ ከፍ አድርገው በየሰዉ ቆርቆሮ ያንቆረቁሩ ነበር። "ጽዋው አንድ ነው፣ ቆርቆሮው የስደታችን ነው" አሉ። ስለ ጸበሉም "በረከት እሳት አይፈራም፤ አስቀድመሽ አፍዪ በሏት" ብለዋል።

ስለ ስቅለቱ ብዙም የሚጻፍ የለም። ሞቃት ነበር።

ውዴ ደህና ናት። ሥራ ስለበዛባት የራሷን መስመር አልጨመረችም። ለልደታ ግን አደራ፣ አይምጡ። ደህና ናት።

አየነው


ከዚሁ ጋር ለብቻው የታጠፈ ወረቀት

ለቱርካ፦ ግመሎችህን ልታጠጣ ስለሄድክ ጓዝህ ውስጥ ከትቼልሃለሁ። እትዬ በላይነሽ ስለ ውዴ ቢጠይቁህ "ደህና ናት" በል። ሐኪም ቤት መግባቷን እንዳታነሣ፤ ከሰሙ ነገ ተነሥተው በሽታው መሐል ይገባሉ። ሲጠይቁህ ዓይናቸውን አትይ፣ ግመሎችህን ተመልከት። አንብበህ ቅደደው።


ሸኸዲ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1977 ዓ.ም.

አየነው፣

ቱርካ ማንበብ አይችልም።

ወረቀቷን ይዞ መጣና "እትዬ፣ አየነው ለኔ የጻፈልኝ ነገር አለ፣ እስቲ አንብቡልኝ" አለኝ። መሠረተ ትምህርት የተማርኩት ለዚህ ነው መሰለኝ። ቆሜ አነበብኩለት። ሁለታችንም ሰማን። ከዚያ "ውዴ እንዴት ናት?" አልኩት። ግመሎቹን አየ። "ደህና ናት" አለ።

እኔን አታስተምረኝም። እኛ አገር ጉንፋን የያዘው "ደህና ነው" ይባላል። አልጋ ላይ የዋለ "ትንሽ አሞት ነበር፣ ተሽሎታል" ይባላል። "ሐኪም ቤት ገብቷል" የሚባል ግን ከተቀበረ በኋላ ነው። አባቴ ሲያርፍ "ጎንደር ሐኪም ቤት ተኝቷል" ብለውኝ ሳምንት ሙሉ አጥሚት ሳማስል ከረምኩ፤ መንደሩ በሙሉ አውቆ አጥሚቱን እየቀመሰ "ይስማማቸው" ይለኝ ነበር። አንተ ደግሞ ሐኪም ቤት መግባቷን እንኳ ልትደብቀኝ ፈለግክ። እንግዲህ ከመቃብር በታች ምን አለ?

መርዶ በደብዳቤ አይላክም፣ ልክ ነህ። ስለዚህ አልቆጣህም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ አፈሯ የት ነው? ምን አለበሳችኋት? ያን ነጠላ ከሆነ ደስ ይለኛል። ሳይደርሳት ከሆነ ግን አትንገረኝ።

ለቅሶዋን ልደታ ዕለት አወጣለሁ። ዛፏ ሥር። ሦስት ቀበሌ ሰው ይመጣል። ከዚህ በፊት ያልነገርኩህ አለ፤ በሽታው እኛም ጋ ገብቷል። ታች ሠፈር ሁለት ሰው ቀብረናል። ገበሬ ማኅበሩ "አትሰብሰቡ፣ ባንድ ቅል አትጠጡ" ብሎ አስነግሯል። እናንተን እንዳላስደነግጥ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፤ ላንተም "ደህና ነን" ነበር የምጽፍልህ። አሁን ግን ልጄን ብቻዬን፣ በሹክሹክታ፣ ክንድ ለክንድ ተራርቄ አላለቅሳትም። ሰው ደረቱን መትቶ፣ አንገቴን አቅፎ፣ ከገበታዬ ንፍሮ ዘግኖ ያልቅስልኝ። የመጣው ይምጣ።

መልስ አትጻፍልኝ። የምትጽፈውን አውቀዋለሁ። ሥራህ በስደተኛው ሁሉ ስም ለሰው እናት "ደህና ነኝ" ብሎ መጻፍ ነው። የስንቱን ሟች እጅ ጽሕፈት አስመስለህ እንደጻፍክ አንተና እግዚአብሔር ታውቃላችሁ።

በላይነሽ


ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1977 ዓ.ም.

እትዬ በላይነሽ፣

ውዴ በሕይወት አለች።

ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ተቀመጥኩ፤ የሚቀጥለው ጠፋኝ። ደህና ናት ብል ታማለች ይሉኛል። ታማ ነበር ብል ተቀብራለች ይሉኛል። ሃያ ዓመት ዳኛ ያሳመነ ብዕር እርስዎ ፊት አፉ ተያዘ። የሟች እጅ አስመስዬ ጽፌ አውቃለሁ፤ ሦስት ጊዜ። ስለዚህ አላምንህም ቢሉኝ መብትዎ ነው። የሆነውን ግን ልጻፈው፣ እንደፈለጉ ያንብቡት።

በስቅለት ጠዋት ያዛት። እስከ ቀትር ዓይኗ ጎደጎደ፣ ቆዳዋ ሲቆነጥጡት አልመለስ አለ። በገመድ የታጠረ የሕሙማን ዳስ አለ፣ እዚያ አስገባናት። ደሴ ስኳርና ጨው የገባበት የፈላ ውሃ በቆርቆሮ አቀረበላት፤ መድኃኒቱ ያ ነው፣ ጠጪ ከጠጣው ይድናል። እሷ ግን ጥርሷን ገጠመች። "ስቅለት ነው፣ ስግደቱ ሳያልቅ ውሃ አልቀምስም።" ደሴ ለመነ፣ ተቆጣ፣ አለቀሰ። ትንፋሿ እየራቀ ነው።

ሮጥኩ። ቄስ ገሠሠ ከሕዝቡ ጋር ይሰግዱ ነበር። ግንባራቸው አቧራ እንደሆነ ተከትለውኝ መጡ፣ ስልሳ ዓመታቸው ነው፣ ቀደሙኝ። ገመዱ ጋ ቆሙና ጮኹ።

"ውዴ! ጠጪ!"

"ጾም ነው አባ" አለች ከውስጥ፤ ድምፅዋ የጫጩት።

"ገዝቼሻለሁ፣ ጠጪ!"

"ስኳር አለበት።"

"ስኳሩ በኔ ነፍስ! እኔ እሰግድልሻለሁ፣ አንቺ ጠጪ!"

ጠጣች። እሷ አንድ ቆርቆሮ ስትጨርስ እሳቸው ከገመዱ ውጭ አርባ አንድ ይሰግዱ ነበር። አሥራ አንድ ቆርቆሮ ድረስ ቆጠርኩ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱንም መቁጠር አቃተኝ። የትንሣኤ ዕለት ራሷን ቀና አደረገች። ያን ደብዳቤ ስጽፍልዎ ገና ዳሱ ውስጥ ነበረች። አሁን ወጥታለች። ከስታለች፣ አፏ ግን አልከሳም።

እትዬ፣ ለቅሶውን ያስቀሩ። በሕይወት ላለች ልጅ ሊያለቅስ የመጣ ሰው ለራሱ የሚያስለቅስ ይዞ ይመለሳል። ጥላሸቱን በዓይኔ አይቻለሁ።

የሚቀጥለውን እሷ ትጻፈው። ምን እንደምትጽፍ አላውቅም፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የምትጽፈው።

አየነው

እማ፣

ሞታለች ብለሽ ሰው ጠራሽ አሉ። ማንን ጠይቀሽ?

አያ አየነው "እናትሽ እኔ የጻፍኩት ይመስላታል" ብሎ ተክዞ ተቀምጧል። እኔ ግን የማሳምንሽበትን መንገድ አውቃለሁ። ነጯን ዶሮሽን ሸለምጥማጥ አልበላትም። እኔና ጎረቤታችን የሺመቤት ነን የበላናት። አንቺ ገበያ በሄድሽበት ቀን፣ ረቡዕ ነበር፣ አዎ፣ ጾም። እግሯን የሺመቤት በላች፣ ሌላውን እኔ። ላባዋን በአሮጌ ጨርቅ ቋጥረን ከጎተራው ሥር፣ በግድግዳው በኩል፣ ቀበርነው። አንቺ ሁለት ወር ሙሉ ለሸለምጥማጡ ወጥመድ ስታጠምጂ በሳቅ ልሞት ነበር። ሂጂና ቆፍሪ። አያ አየነው ይህን ከየት ያውቃል?

ሌላም አለ። አሁን አልመጣም። ደሴ ጋ ሥራ ይዣለሁ። የውሃው በርሜል ጋ ቆሜ ሰው እጁን ሲታጠብ አያለሁ። ያልታጠበውን እመልሳለሁ። ትናንት ቄስ ገሠሠን "ሳቡን አባ!" ብዬ መለስኳቸው፤ ሳሙና በዓረብኛ። ተቆጥተው ታጠቡ።

ያ ውሃ ምን ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? እንባ ላይ ስኳር እንደ መጨመር። ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነው።

ነጠላሽ ያረጀ ነው። ለብሼዋለሁ።

ውዴ


ሸኸዲ፣ ግንቦት 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለሌባዋ ልጄ ለውዴ፣ እንዲሁም ለወንድሜ ለአየነው፣

ሰላምታው ይቆየን፤ እጄ አሁንም አፈር ነው።

ቱርካ የደረሰው በልደታ ጠዋት ነው። ግመሎቹን እያሯሯጠ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እየጮኸ፣ "አንብቡት! አንብቡት!" ይላል። ሰው መምጣት ጀምሯል። ጥቁር ለብሼ ዛፏ ሥር ተቀምጫለሁ። አንተ የጻፍከውን አነበብኩ፣ አየነው፤ አለቀስኩ፣ አላመንኩህም። በተለይ ስግደቱ ደስ ስላለኝ "ይህን ሰው እንዴት ያለ ችሎታ ሰጥቶታል" አልኩ። ከዚያ ያንቺን አነበብኩ፣ ውዴ።

ተነሥቼ ዶማ አነሣሁ። ጎተራው ሥር ገባሁ። ለቀስተኛው ከበበኝ። "ወይኔ፣ መቃብር እየቆፈረች ነው!" አለ አንዱ። "ያዟት፣ አእምሮዋ ተነክቷል!" አለ ሌላው። የሺመቤት ግን ቀድማ ገብቷት ወደ አጥሩ ማፈግፈግ ጀምራ ነበር። ክንድ ያህል ስቆፍር ጨርቁ ወጣ። ፈታሁት። ነጭ ላባ!

እልል አልኩ። ብቻዬን። ሰውም ደነገጠ። "ልጄ ሌባ ናት!" አልኩ፣ "በረቡዕ ዶሮ የበላች ሌባ! ልጄ አለች!" ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሊያቅፈኝ ተንጋጋ። ላባውን ወደ ላይ ይዤ "ቁሙ! ማንም እንዳይነካኝ!" አልኩ። አንድ ሰው "ለቅሶም የለም፣ መታቀፍም የለም፣ ታዲያ ለምን መጣን?" አለ። እውነቱን ነው።

ከሩቅ ቀበሌ የመጡትን ከበሩ መለስኳቸው፤ ተቀየሙ፣ ይቀየሙ። ጎረቤት ብቻ ቀረ። ክንድ ለክንድ አስቀመጥኳቸው። ጋኑ ውስጥ ያለውን ውሃ ደፋሁ፣ እንዳዲስ አፈላሁ፣ በእንዶድ አስታጠብኳቸው። ንፍሮውን በጭልፋ እየዘገንኩ በየቅላቸው ሰጠሁ፤ እጁን ወደ ድስቱ የሰደደ ጭልፋውን ቀመሰ፣ በአንጓው ላይ። እንግዶቹን ከመመለሴ በፊት የተቃቀፉ ነበሩ፣ ስንት እንደሆኑ አላየሁም። እስካሁን የታመመ የለም። ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ እየቆጠርኩ ነው።

አየነው፣ ተሳስቻለሁ። አንተም ተሳስተሃል። ያንተ ይብሳል፣ ግን አልመዝነውም። ቄስ ገሠሠ ጉልበታቸው እንዴት ሆነ? ስንት እንደ ሰገዱ ጠይቅልኝ፤ ቁጥሩን ማወቅ እፈልጋለሁ። እኔ አልመጣም፣ እሷም አትምጣ፣ በሽታው እስኪወጣ።

ውዴ፣ አንድ ነገር ቀረ። አልቃሿ በለጡ ላንቺ ግጥም ይዛ ነበር የመጣችው። ሦስት ቀን የደከመችበት ነው። "እኔ ይህን አሁን ምን ላድርገው?" ብላ ዛፏ ሥር ተክዛ ቀረች። "ሌላ ሰው ሲሞት በይው" ብላት "የሰሊጥ ሙሾ ለማሽላ ገበሬ አይሆንም" አለች። አሳዘነችኝ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ፤ የገዛ ሙሾዋን ያነበበች የመጀመሪያዋ ሴት ሳትሆኚ አትቀሪም፦

ሰሊጡ ታጨደ፣ ተወቃ፣ ተጫነ፣
የኔ አበባ ብቻ ሜዳ ላይ ባከነ።

ሌላም አለው፤ ከዚህ በላይ ግን መጻፍ አልቻልኩም። በለጡ "ወደደችው ወይ?" ብላ ካሁኑ ሁለቴ መጥታ ጠይቃኛለች። እንዳልወደድሽው ጻፊልኝ።

እናትሽ በላይነሽ